የተዘለለ ኩለርና የገዢው ሐቅ



የአሮጌ ትራክተር ጥገና ከዲን ጋር ምን ያገናኘዋል ትሉኝ ይሆናል። በጣም ይገናኛል። እስቲ ጥቂት ታገሡኝና ከሥሩ ላስረዳችሁ።

ባለ ሰንሰለት ትራክተር፣ ብዙዎቻችሁ ዶዘር ብላችሁ የምታውቁት ማሽን፣ ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ዘይት ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ከማለስለሱ ሌላ ሁለተኛ ሥራ አለው፤ ሙቀት ተሸክሞ ይወጣል። ያንን ሙቀት የሚያራግፍበት ዕቃ ኦይል ኩለር ይባላል። በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ በቀጫጭን ቱቦዎች አንዱ ወገን ዘይት፣ በሌላው ወገን የራዲያተር ውሃ ያልፋል፤ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ሙቀት ይለዋወጣሉ። ዕድሜ ሲጫነው ግን ቱቦው ይበሳል። ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ስለሚበልጥ ዘይቱ ወደ ውሃው ይገባል፤ የራዲያተሩን ክዳን ስትከፍቱ ጥቁር ቅባት ተንሳፎ ታገኛላችሁ። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ የዘይቱ ግፊት ይወርድና በትኩሱ ራዲያተር ውስጥ የቀረው ግፊት ውሃውን በተራው ወደ ዘይቱ ይገፋዋል። ያኔ የዘይት መለኪያውን ስትመዙ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ነገር ይዞ ይወጣል። በዚህ ዘይት የሠራ ሞተር ብዙም አይቆይ።

ትክክለኛው መፍትሔ ሌላ ኩለር መግጠም ነው። ይሁንና ለ40 ዓመት ማሽን ኩለር ከየት ይምጣ? ቢገኝስ ዋጋው ይቀመሳል? ስለዚህ መካኒኮች ኩለሩን “እንዘለዋለን”፤ ወደ ኩለሩ የሚገባውንና ከኩለሩ የሚወጣውን የዘይት መስመር በአንድ ቱቦ እናገናኛለን፣ የውሃውንም ወገን እንዲሁ እናደርጋለን። ቱቦው ሙቀቱንና ግፊቱን የሚችል የዘይት ቱቦ ይሁን እንጂ ተራ የውሃ ጎማ አይሆንም። መስመሩን በላሜራ ደፍኖ መተው ደግሞ መዝለል ሳይሆን ሞተር መግደል ነው፤ ወደ ብሮንዚኑ የሚደርሰው ዘይት በዚያው መንገድ የሚያልፍ ነውና።

ይህ ሥራ በራሱ ነውር የለበትም። በአርሲ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ በብርዱ ሰዓት ቀላል ሥራ የሚሠራ አሮጌ ባለ ፍሪሲዮን ማሽን፣ ኦፕሬተሩ ዓይኑን ከግፊት ጌጁ ካልነቀለ፣ ኩለር ሳይኖረው ወቅቱን ሊዘልቅ ይችላል። (ቶርክ ኮንቨርተር ያለው ማሽን ከሆነ የማርሹን ዘይት ኩለር መዝለል ለደጋም አይሆንም፤ ያ ዕቃ ራሱ ምድጃ ነው።) ያንኑ ማሽን ግን ወደ አዋሽ ሸለቆ አውርዱት። ወረር ከባሕር ወለል በላይ 740 ሜትር ገደማ ነው፤ በበጋው ሙቀት ቀኑን ሙሉ አፈር ሲገፋ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ጌጁ ይወርዳል፣ ብሮንዚኑ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የብረት ክምር ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ገዢ ማሽን የሚያየው ጠዋት፣ ታጥቦ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። አሥር ደቂቃ ያስነሱለታል፤ ጌጁ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ድምፁም ያማረ ነው። የተዘለለው ኩለር ያለ መካኒክ ዓይን አይታይም።

ከዓመታት በፊት በደጋ ያገለገለ፣ እኔው ራሴ ኩለሩን የዘለልኩት ማሽን ለሽያጭ ቀረበ። የመጡት ገዢዎች ገንዘባቸውን ያዋጡ አራት ወንድማማቾች ሲሆኑ ማሽኑን የሚወስዱት ወደ ቆላ፣ ለቦይ ሥራ ነበር። ባለቤቱ የብዙ ጊዜ ደንበኛዬ ነው፤ ዕዳም እንዳለበት አውቃለሁ። ለብቻው ወስጄ፣ “ሐጂ፣ ኩለሩን ይንገሯቸው እንጂ” አልኳቸው። “አንተ መካኒክ ነህ ወይስ ደላላ? ካልጠየቁ ምን አገባህ?” አሉኝ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አልዋሸሁም፣ አልተጠየቅኩም፣ ስለዚህ ነጻ ነኝ ይላል። ኢማም አል-ገዛሊ በ“ኢሕያእ ዑሉሚዲን” የዘገቡት የሶሓባው ዋሲለህ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ.) ታሪክ ግን ሌላ ያሳየናል። አንድ ሰው ግመሉን በ300 ዲርሃም ሸጠ። ገዢው ግመሏን ይዞ ሲሄድ ዋሲለህ ልብ አላሉም ነበር፤ ልብ ሲሉ ተከትለው እየተጣሩ ደረሱበትና የገዛት ለሥጋ እንደሆነ ወይስ ለመጓጓዣ ጠየቁት። ለመጓጓዣ መሆኑን ሲነግራቸው፣ እግሯ ላይ ቀዳዳ ማየታቸውንና ረጅም ጉዞ እንደማትችል ገለጹለት። ሰውየው ሊመልሳት መጣ፤ ሻጩም 100 ዲርሃም ቀነሰለትና ሽያጬን አበላሸህብኝ ሲል ወቀሳቸው። እርሳቸውም ለሙስሊም ሁሉ ቅን ምክር ሊሰጡ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል መግባታቸውን አስታወሱት። ዋሲለህ ሻጭም ገዢም አልነበሩም፤ አላፊ አግዳሚ ነበሩ። ጥያቄያቸውንም ተመልከቱ፦ ለሥጋ ነው ወይስ ለመጓጓዣ? እግሯ የተበሳ ግመል ለሥጋ ብትሆን ምን ጉዳት አላት? የእኛም ማሽን ደጋ ይቀራል ወይስ ቆላ ይወርዳል ነው ነገሩ።

ነገሩ ሐሜት አይሆንም ወይ የሚሉም አጋጥመውኛል። ኢማም አን-ነወዊ ሐሜት የሚፈቀድባቸውን 6 ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ አንዱ ሙስሊሞችን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ነው። ፊቅሁም ቢሆን ነውሩ ተደብቆበት ለገዛ ሰው ዕቃውን የመመለስ መብት ሰጥቶታል፤ አውቆ ወዶ የገዛ ግን ይህ መብት የለውም። ስለዚህ ነውርን መናገር ሻጩንም ከኋላ ክርክር ያሳርፈዋል።

እኔም ታላቅየውን ወንድም ጠርቼ ቱቦውን በጣቴ አሳየሁት። ገበያው ግን አልፈረሰም። ከሌላ የተፈታ ደህና ኩለር ዋጋ ከማሽኑ ላይ ተቀነሰ፤ ገጥመንላቸው፣ ራዲያተሩን አጥበን፣ ዘይቱን ለውጠን ወሰዱት። ሐጂ ግን ተቀየሙኝ፤ ሥራቸውን ወደ ሌላ ጋራዥ አዞሩ፣ እስካሁንም አልተመለሱም። ጉዳት አልነበረውም ብዬ አላታልላችሁም፤ የሁለት ልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከእርሳቸው ሥራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኩለር በዘለልኩ ቁጥር ከኦፕሬተሩ ወንበር ፊት ለፊት ትንሽ ላሜራ በሁለት ቡሎን አስራለሁ። “ኩለር ተዘሏል፤ ቆላ አይወርድም” ይላል። አንዳንዱ ባለንብረት ይፈታዋል። እኔም ማሽኑ በድጋሚ ሲመጣ መልሼ አስረዋለሁ።