ቲቸር፣ ምን ላድርግ?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ።

የዛሬ አራት ዓመት አካባቢ ነው። ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ቅርጫት ኳስ እየተጫወትን በ1 ነጥብ ተመርተናል። ከ10 ሴኮንድ በታች ቀርቷል፣ ኳሷ በእኛ ልጅ እጅ ናት። (ስሙን አልጠራም፣ ካነበበው ራሱን ያውቃል።) ተከላካዩ በግራ በኩል ተጠግቶታል፣ በቀኝ ያለው መንገድ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልጄ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዞር ብሎ እኔን አየኝ።

አንድ ሴኮንድ እንኳን አትሞላም። ኳሷን መንትፈውት ሄዱ። ተሸነፍን።

እኔም በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት ጮህኩበት። "እኔን ምን ታየኛለህ?" ስለው "ቲቸር፣ ምን ላድርግ ብዬ ነው" አለኝ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ልምምድ ቀረ።

ማታ ማታ ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ምክንያቱም ልጁ ያደረገው እኮ ያስተማርኩትን ነው። ዓመት ሙሉ ከመስመሩ ዳር ቆሜ "አቀብል! ግባ! ወርውር!" ስል ነው የከረምኩት። ታዲያ የጨነቀው ቀን ወዴት ይይ?

ልምምዳችንም ያው ነበር። አሸዋ የሞላንባቸውን ሃይላንዶች ደርድረን በመሃላቸው ኳስ እያነጠሩ ማለፍ። ልጆቹ ጎበዙበት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሊሠሩት ምንም አልቀራቸውም። ግን ሃይላንድ እጁን ዘርግቶ ኳስ አይቀማም! መቼ ማለፍ፣ መቼ ማቀበል እንዳለባቸው የሚያስመርጣቸው ነገር አልነበረም።

ቤቱ ድረስ ሄድኩ። እናቱ ቡና አፈሉልኝ፣ እሱ ግን ከጓዳ አልወጣም አለ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት" አልኩ። ወጣ። ብዙም አላወራንም፣ ሰኞ ግን መጣ።

ከዚያ ሃይላንዶቹን ሰበሰብናቸው። ሁለት አጥቂ ለአንድ ተከላካይ ጀመርን፤ ወደ አንተ ከመጣ ታቀብላለህ፣ ከቀረ ትገባለህ። ቀጥሎ ሦስት ለሁለት። ከዚያ በግማሽ ሜዳ ሦስት ለሦስት፣ በ12 ሴኮንድ ውስጥ መወርወር ግዴታ። ይሄ የራሴ ፈጠራ አይደለም፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው የሦስት ለሦስት ጨዋታ ሕግ ነው። የሚገርመው በዚያ ጨዋታ አሰልጣኝ ከዳር ሆኖ መምራት አይፈቀድለትም! ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው የሚወስኑት።

እኔም ራሴ ላይ ሕግ አወጣሁ። ጨዋታ መሃል አፌን ከከፈትኩ ለተቃራኒው ቡድን 1 ነጥብ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 7 ነጥብ አድያለሁ።

ጥያቄዬንም ቀየርኩ። "ለምን እንዲህ አደረግህ?" ስትላቸው ቁጣ ነው የሚሰማቸው፣ አንገታቸውን ይደፋሉ። "ምን አየህ?" ስትላቸው ግን ያወራሉ። አንዱ "ተከላካዩ ኳሷን ብቻ ነበር የሚያየው፣ ከኋላው ሮጥኩ" ሲለኝ ነጥቡን ባያገባም አጨበጨብኩለት። ያለ ቦታው ወርውሮ የገባለትን ደግሞ አስቁሜ እጠይቀዋለሁ። ይሄ አይዋጥላቸውም፣ "ገባ እኮ ቲቸር!" ይላሉ።

ውጤቱ ቶሎ አልመጣም፣ እንዳልዋሻችሁ። በዚያ ሴሚስተር ከበፊቱ የበለጠ ኳስ አባከንን። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ዝም ብለህ ቆመህ ነው የምታሠለጥነው?" ብሎ ቀለደብኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀስ በቀስ ግን ልጆቹ እኔን ማየት ትተው እርስ በርስ መነጋገር ጀመሩ።

ያ ልጅ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ባለፈው ለእረፍት መጥቶ ከትንንሾቹ ጋር ሦስት ለሦስት ገባ። ኳሷን ይዞ ትንሽ ሲቆይብኝ አላስችል አለኝና "አቀብል!" አልኩ። ወደ እኔ ዞር እንኳን ሳይል "ቲቸር፣ 1 ነጥብ" አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በ9 ሰዓት ልምምድ አለን። የድሮ ልጆቼ ኑ፣ ኳስ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ። ያሉን ሁለት ናቸው፣ አንዷ ደግሞ ትተነፍሳለች።