በዛብህን ስለሚነቅፉ አንባቢዎች

የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። መጽሐፉን የማያመሰግን አንባቢ እምብዛም አልገጠመኝም፤ በዛብህን የማይነቅፍ ግን ከዚያም ያነሰ ነው። አንዱ «ሰብለ ወንጌልን ጥሎ የሸሸ ፈሪ» ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ «ወዶ ስለቱን ያፈረሰ» ብሎ ይከስሰዋል። አንድ ሰው በመውደዱም በመሸሹም ይፈረድበታል።

እኔም በቅኔ ቤት ሳለሁ ከፈራጆቹ ወገን ነበርሁ። የባላባት ልጅ ቤቷን ትታ በእግሯ ስትፈልገው፥ እርሱ አስቀድሞ መሸሹ ያሳፍረኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ቀብሬ ስመለስ መጽሐፉን እንደ ገና ከፈትሁ። እርስዋም በሕፃንነቴ ታምሜ ሳለሁ፥ ከዳንሁ ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጠኝ ተስላ ነበር። ስለትዋን ከፈለች፤ እኔም በደስታ ኖርሁበት። ነገር ግን «ትወዳለህን?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ያን ጊዜ የበዛብህ ነገር ገባኝ። የሚያስፈራው የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ ብቻ አይደለም፤ እርሱ ሳይናገር ወላጆቹ የተናገሩለት ቃል ነው። ሰሙ ፍርሃት ነው፤ ወርቁ ግን በሌላ አፍ የተሳሉትን ስለት በገዛ ሕይወት መክፈል ነው። ቅኔ ተምሬ ይህን ያህል ዘመን ሰሙን ብቻ ይዤ ኖሬአለሁ።

ዛሬ ደቀ መዛሙርቴ «በዛብህ ፈሪ ነው» ሲሉኝ አልከራከራቸውም። «እናንተንስ ወደዚህ ማን ጠይቆ አመጣችሁ?» እላቸዋለሁ። ዝም ይላሉ።