የማይበተን ደቦ

በእኛ አገር፣ በሊበንም ሆነ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ ደቦ ማታ ይበተናል። ባለማሳው ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን አስጋግሮ ጎረቤቱን ይጠራል፤ ጎረቤቱም ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ሲያጭድና ሲዘፍን ይውልና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደቦ የጠራ ሰው ሰነፍ አይባልም፤ በማግስቱ ማሳው ያው የባለቤቱ ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ ደቦው ሳይበተን ቢያድርስ? ቢከርምስ? ጎተራውን ቢጠብቅለት፣ ዘሩን ቢመርጥለት፣ ልጆቹን ቢቆጣለትስ? ያን ጊዜ ማሳው የማን ሊባል ነው?

ይህን ያነሳነው ያለ ነገር አይደለም። የአንድ አካባቢ ልጆች በመሆናችን መኝታ ክፍል ውስጥ ስንሰበሰብ የማይበርድ ክርክር አለን፦ አንድ ጦር ሰው አገር ገብቶ ሲቆይ፣ ያ አገር እግር ያወጣል ወይስ ምርኩዝ ይለምዳል? ገሚሶቻችን “ሰላም በሌለበት ምን ይገነባል? መጀመሪያ ዘብ ይቁም” እንላለን። ገሚሶቻችን ደግሞ “ዘብ የለመደ ቤት መቀርቀሪያ አያሠራም” እንላለን። ነገሩ ለእኛ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። በአያቶቻችን ደጅ የውጭ ጦር አልፏል፤ ወንድሞቻችን ደግሞ ሶማሊያ ዘምተዋል። የተረዳውንም የረዳውንም ወገን በቤታችን እናውቀዋለን።

ከአያቶቻችን እንጀምር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻገሩ። በኦርድ ዊንጌት የሚመራውና “የጌዴዎን ኃይል” የተባለው ጦር ሁለት ሺህ የማይሞላ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደር ነበር፤ የእንግሊዝ መኮንኖቹ ጥቂት ናቸው። ቆላውን ሲያቋርጥ በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች አልቀውበታል። እንግዲህ ይህ ጦር ነው በቁጥር እጅግ ከሚበልጠው የጣሊያን ሠራዊት ጋር ማንኩሳ ላይ የተታኮሰው። የካቲት መጨረሻ ላይ ቡሬ ተለቀቀች፤ ቀጥሎ ደንበጫ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ለመሆኑ ትንሹ ትልቁን እንዴት አስለቀቀው? መልሱ ያለው ገጠሩ ውስጥ ነው። ያ ጦር ከመድረሱ በፊት ጎጃም ለዓመታት ሲዋጋ ኖሯል። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በምዕራብ፣ በላይ ዘለቀ በምሥራቅ ሕዝቡን ይዘው ስለነበር ጣሊያን ከምሽጉ ወጥቶ እንደልቡ አይንቀሳቀስም ነበር። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. የገባው የሳንድፎርድ ቡድንም የመጣው አርበኛ ሊፈጥር አልነበረም፤ ያለውን አርበኛ ሊያገናኝና መሣሪያ ሊያቀብል እንጂ። ሥራው ሲያልቅ የጌዴዎን ኃይል በግንቦት 1933 መጨረሻ ላይ ፈረሰ። ከጥር እስከ ግንቦት፣ አምስት ወር እንኳ አልሞላም። ደቦ ማለት ይህ ነው።

ከኬንያ በኩል የመጣው የእንግሊዝ ጦር ግን ሌላ ጠባይ ነበረው። ነፃ የወጣውን አገር “የተያዘ የጠላት ግዛት” ብሎ አስተዳደር ዘረጋበት። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ውል የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች ዲፕሎማቶች ሁሉ ቅድሚያ አገኘ፤ አማካሪዎች ከእንግሊዝ ሆኑ፤ የምድር ባቡሩ በጦሩ እጅ ቀረ፤ ኦጋዴንና “የተከለለው ግዛት” የተባለው መሬትም እንደዚሁ። ገበያው ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘዋወር ነበር። ውሉ ገንዘብም ነበረው፤ ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን። የተራበ መንግሥት ገንዘብ አይጠላም። ነገር ግን ደመወዙ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ያወቀ ሹም ፊቱን ወዴት ያዞራል?

ከዚያ ለመውጣት ዓመታት ፈጀ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ውሉ ተሻሻለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 16 ቀን የኢትዮጵያ ብር ወጣ፤ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን እስከ 1943 ዓ.ም. ቆየ፤ ሐውድና የተከለለው ግዛት የተመለሱት በ1947 ዓ.ም. ነው። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ የተሠራውን ሥራ ለመረከብ አሥራ አራት ዓመት!

በዚህ መካከል እኛም የተማርነው ትምህርት ግማሽ ነበር። አንዱ ደጋፊ ሲከብደን ሌላ ፈለግን። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ተዋዋልን፤ አሥመራ ላይ ቃኘው ጣቢያን ሰጠን፣ መሣሪያና ሥልጠና ተቀበልን። በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ስንጣላና በ1970 የኦጋዴን ጦርነት ሲፋፋም የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደር ደረሰልን። የሞተው የእኛ ሰው ጀግንነቱ አይካድም፤ ጥይቱ ግን ከባሕር ማዶ ነበር። የሶቪየት እጅ ሲሰበሰብ በአፍሪካ ከታላላቆቹ የሚቆጠረው ሠራዊት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ተበተነ። ምርኩዙን ለወጥነው እንጂ አልጣልነውም።

ታዲያ ከውጭ ሰው ምንም አይገኝም ልንል ነው? አይደለም። አየር መንገዳችን በታኅሣሥ 1938 ሲቋቋም አብራሪውም ሥራ አስኪያጁም አሜሪካዊ ነበር፤ ነገር ግን ኢትዮጵያውያንን እያሠለጠኑ ቦታ መልቀቅ የሥራው አንድ ክፍል ሆነ። በ1963 ዓ.ም. ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል፤ የእንግሊዝ ሚሲዮን ከቆየበት ይረዝማል። ስለዚህ ጉዳዩ የዘመን ርዝመት ብቻ አይደለም። ወንበሩ ለማን እየተዘጋጀ ነው? ዋናው ይሄ ነው።

አሁን ወደ ወንድሞቻችን እንምጣ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጦራችን በባይደዋ የነበረውን ደካማ የሽግግር መንግሥት ደግፎ ሶማሊያ ገባ፤ በጥቂት ቀናትም ሞቃዲሾ ደረሰ። ያን ቀን ቢመለስ ደቦ በተባለ ነበር። እስከ ጥር 2001 ቆየ፤ በቆየ ቁጥርም አልሸባብ “ወራሪውን ላስወጣ” እያለ ወጣቱን መለመለበት። በ2004 ዓ.ም. ባይደዋን እንደገና ያዝን፤ በጥር 2006 በአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ ሥር፣ በአሚሶም፣ ገባን። በመጋቢት 2005 ጦራችን ሁዱር የምትባለውን ከተማ ለቆ ሲወጣ ምን ሆነ? በዚያው ዕለት አልሸባብ ገባባት። እንግዲህ “ውጡ” ብሎ መጮህም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ዘቡ የሄደ ለት የሚታረድ ሰው አለ።

ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ባይደዋ ከርሞ ተመልሷል። ስለ ውጊያው ብዙ አያወራም። አንድ ነገር ግን ነግሮናል። አንድ ኬላ ላይ አብሮት የሚቆም፣ ወራት ሙሉ ደመወዝ ያልተከፈለው የሶማሌ ወታደር ነበር። “መቼ ነው የምትሄዱት?” ይለዋል። “መጀመሪያ ሲጠይቀኝ ተቆጥቶ ነበር። ከዓመት በኋላ ሲጠይቀኝ ግን ፈርቶ ነበር” አለን። ከዚህ የበለጠ መልስ እስካሁን አልሰማንም። ቁጣው ወደ ፍርሃት በተለወጠበት በዚያ ዓመት ውስጥ የጠፋ ነገር አለ።

ጥገኝነቱ ደግሞ የተረዳው ብቻ አይምሰላችሁ። የአሚሶምን ወታደር አበል ይከፍል የነበረው የአውሮፓ ኅብረት ነው፤ በወር ለአንድ ሰው 1,028 ዶላር ይመደብ ነበር፤ ከዚያም ላይ ላኪ መንግሥታት የየራሳቸውን ያስቀራሉ። በ2008 ዓ.ም. ኅብረቱ ሃያ በመቶ ሲቀንስ ቅሬታው ከላኪዎቹ መንግሥታት መጣ። ይህ በየቤቱም አለ። ያ ወንድማችን በላከው ገንዘብ ቡሬ ላይ የቆርቆሮ ቤት ተሠራ፣ እህቱ ተማረችበት፤ እሰየው! ግን አባቱ በሬዎቹን ሸጠው፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ነበር። አበሉ ሲቆም ቤቱ አለ፣ ጥማዱ የለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል የሰማነውን ያኔ አየነው።

ከእኛ የባሰውንም ዓለም አይቷል። አሜሪካ በ1994 ዓ.ም. አፍጋኒስታን ገብታ ሃያ ዓመት ቆየች። የአፍጋን ጦር አውሮፕላን የሚጠገነው በውጭ ኩባንያ ሰዎች ነበር። እነሱ ሲወጡ አውሮፕላኑም ቆመ፤ በነሐሴ 2013 ከተሞቹ በቀናት ውስጥ ወደቁ። ወታደሩ ፈሪ ስለነበረ አይደለም፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሞቷል። የሚዋጋበት ነገር ሁሉ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ነበር።

ሶማሊያ ግን ተስፋም አሳይታናለች። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሂራን አርብቶ አደሮች፣ ማዓዊስሌይ የሚባሉት ሽርጥ ታጣቂዎች፣ ግብሩና ግድያው ሲመራቸው በአልሸባብ ላይ ተነሱ። መንግሥታቸው ደገፋቸው፣ የውጭ ኃይልም ከአየር ረዳቸው፤ በወራት ውስጥ የውጭ ጦር ለዓመታት ያልያዘውን ሰፊ ገጠር አስለቀቁ። እነመንገሻ ጀምበሬን አያስታውሱም? የተነሳ ሕዝብ ካለ ጥቂት ርዳታ ይበቃዋል። ይሁን እንጂ የተያዘውን የሚያጸና አስተዳደር በጊዜ ስላልተከተለ በሚያዝያ 2017 አልሸባብ አደን ያባልን መልሶ ያዘ። ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ ቦታውን የተረከበው አዲሱ የኅብረቱ ተልእኮም ገና ከጅምሩ የገንዘብ እጥረት ገጥሞታል። የሰው ኪስ እንዲህ ነው።

የእኛ አቋም እንግዲህ ይህ ነው። ሰው አገር የሚቆይ ጦር ራስን መቻልን አያወርስም፤ ራስን ለመቻል የተነሳን ሊያግዝ ግን ይችላል። ልዩነቱን የሚወስነው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የአገሬው ወታደር ደመወዙን ከራሱ መንግሥት ማግኘቱ፣ ቁልፉም በእጁ መሆኑ ነው። የመውጫው ቀን ሲጻፍ የአገሬው ሰው ከጠረጴዛው ዳር መቀመጥ አለበት። ያ በሌለበት ዓመቱ በጨመረ ቁጥር ፍርሃቱ ይጨምራል።

ነገ ከመካከላችን መኮንን የሚሆን፣ ውል የሚያረቅ፣ በጀት የሚፈርም ይኖራል። ያኔ ወታደር ወደ ሰው አገር ሲልክም ሆነ የሰው ወታደር ሲቀበል፣ ከመፈረሙ በፊት ያን ኬላ ላይ የቆመ ሰው ይጠይቀው፦ ደመወዝህ ደርሶሃል ወይ?