መፋዛ፤ በራሃድ ወንዝ ዳር የቆመችው መኪና

በሚያዝያ ወር 2010 ዓ.ም. ከገዳሪፍ ተነሥተን በሰሊጥና በማሽላ እርሻ መካከል ተጕዘን መፋዛ ደረስን። መፋዛ በራሃድ ወንዝ ዳር ያለች የሱዳን ከተማ ናት። ራሃድ ከአገራችን ደጋ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ካለው አገር ተነሥቶ ከዓባይ ጋር የሚቀላቀል ወንዝ ሲሆን፣ በክረምት እየሞላ በበጋ ይደርቃል። መሬቱም ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ጎማ ይውጣል።

በዚያ ዓመት በሱዳን የነዳጅ እጥረት ጸንቶ ነበር። ባረፍንበት ቤት አጠገብ፣ ከግራር ጥላ ሥር አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ቆማ አየን። ባለቤቷን ሽማግሌ ጥቂት በምናውቀው ዐረብኛ፣ «ሐጂ፣ መኪናዎ ምን ነካት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፣ እርስዋስ ጤነኛ ናት፤ የምትጠጣው ጠፋ እንጂ። ባለፈው ወር የልጄን ሚስት ምጥ ቢይዛት በአህያ ጋሪ ወሰድናት። አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ተገላገለች። እኔ ግን ያን ሌሊት አልረሳውም» አሉን።

እኛም አሮጌ መኪና ያለ ቤንዚን እንደሚሄድ ብንነግራቸው ሳቁ። ስለዚህ ታሪኩን አጫወትናቸው። ነሐሴ 20 ቀን 1960 ዓ.ም. የሁለት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በኤሌክትሪክ መኪና ተወዳደሩ። የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች የ10 ዓመት ዕድሜ ያላትን የቮልስዋገን ሚኒባስ፣ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ደግሞ ኮርቬር የተባለችውን አውቶሞቢል ለውጠው፣ አንዱ ወደ ሌላው ትምህርት ቤት ጕዞ ጀመሩ። መንገዱ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። የማሳቹሴትሶቹ ቀድመው ቢደርሱም መኪናቸው ተጎትታ ስለ ነበር ቅጣት ተጨመረባቸው፤ ድሉም በግማሽ ሰዓት ያህል ልዩነት ለካሊፎርኒያዎቹ ሆነ።

የአሠራሩም ዘዴ እነሆ። የቤንዚኑ ሞተር ይወጣል፤ ካምቢዮው በቦታው ይቀራል። በወጣው ፈንታ የኤሌክትሪክ ሞተር ተበጅቶለት በብረት ሳህን ከካምቢዮው ጋር ይገጠማል። ባትሪዎቹም ክብደታቸው በፊትና በኋላ እንዲመዛዘን ተከፋፍለው ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ ከባድ የነበረው ባትሪ ዛሬ በሊቲየም ቀሏል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የቮልስዋገን ፋብሪካ ያሳያት ኤሌክትሪክ የተገጠመላት አሮጌ ቮልስ አንድ ጊዜ ተሞልታ 200 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ ነበር።

ሽማግሌው ጥቂት አስበው፣ «መብራቱስ ከየት ይመጣል?» አሉ። ጥያቄው ትክክል ነበር። ከጎንደር በመተማ በኩል እስከ ገዳሪፍ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር በኅዳር ወር 2006 ዓ.ም. መመረቁን እኛም እርሳቸውም እናውቅ ነበርና፣ «ወንዙም መብራቱም ከእናንተ ነው፤ የቀረው ተማሪው ነው። ልጆቹ ወደዚህ ቢመጡ ምሳቸውን እኔ እችላለሁ» አሉን።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ መፋዛ አልተመለስንም፤ የሽማግሌውንም ወሬ አልሰማንም። አገራችን ግን በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። በአዲስ አበባ መንገድ ያሉት አሮጌ ቮልሶች ግን ብዙዎች ናቸው። የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎቻችን አንዲቱን እንኳ ለውጠው ቢያስነሡ፣ የተማሩት በእጃቸው ይታያል፤ ምጥ የያዛትም ሴት ነዳጅ እስኪመጣ አትጠብቅም።