ከገመዱ ጫፍ እስከ ግንዱ

ልጅ ሳለሁ አብነት በሚገኘው ግቢያችን አንዲት ጦጣ ነበረችን። ያመጣልን የአባቴ ወዳጅ የሆነ፣ በአዋሽ መስመር የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ወገቧን በገመድ አስረን ከቧንቧው አጠገብ ባለው ግንድ ላይ አዋልናት። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከመድረሳ ሲመለሱ ውሏቸው እኛ ግቢ ሆነ። ዳቦ በሻይ እየነከርን፣ ሙዝና ከረሜላ እየጨመርን እናበላት ነበር። እውነቱን ለመናገር ከእኛ ይልቅ እርሷ ትጠግብ ነበር።

ሦስት ወር ያህል ከቆየች በኋላ ጦጣዋ የገዛ ክንዷን ፀጉር ትነጭ ጀመር። ከግንዱ እስከ ገመዱ ጫፍ፣ ከገመዱ ጫፍ እስከ ግንዱ ቀኑን ሙሉ ትመላለሳለች። እኛ ትጫወታለች ብለን እንስቃለን። አያቴ ግን አልሳቀችም። አንድ ቀን ዙህር ሰግዳ ስትወጣ ቆም ብላ አየቻትና «ይህች ፍጥረት ተክዛለች፤ ለአላህ ስትሉ ፍቷት» አለች። አባቴም «በልታ ጠጥታ ምን ጎደላት፣ እማዬ?» ሲል መለሰላት። ክረምቱ ሳይወጣ ተቅማጥ ያዛትና በሳምንቷ ሞተች። የቀበርናት እኔና ታላቅ ወንድሜ ነን።

የአባቴ ጥያቄ ግን ብዙ ዘመን አብሮኝ ኖረ። ድመት አስራ በረሃብ ስለ ገደለችው ሴት የሚናገረውን፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ የማያውቅ የለም። ሴትዮዋ የተወቀሰችው ስላላበላቻት፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም ስላልለቀቀቻት ነው። እኛ ግን አብልተናል! ስለዚህ በዚያ በኩል አባቴ መልስ ነበረው። መልስ ያጣሁት አቡ ዳውድ የዘገቡትን ሌላ ሐዲስ ስሰማ ነው። ሶሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲትን ወፍ ሁለት ጫጩቶች ወሰዱ፤ እናትየውም መጥታ ክንፏን ታርገበግብ ጀመር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ባዩዋት ጊዜ በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠይቀው ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት አዘዙ። እዚህ ላይ የምግብ ጉዳይ አልተነሣም፤ የተነሣው ጭንቀቷ ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች ዛሬ ይህንኑ ጭንቀት በደምና በፋንድያ ውስጥ ይለኩታል። እንስሳ ሲደነግጥ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይጨምራል። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይጠቅመዋል፤ ሮጦ እንዲያመልጥ ጉልበት ይሰጠዋል። ማምለጫ በሌለበት ለወራት ሲቆይ ግን በሽታ የመቋቋም ኃይሉን ያዳክማል፣ መራባቱንም ያውካል። መመላለስና ፀጉር መንጨት የታወቁ የግዞት ምልክቶች ናቸው። ጦጣ ደግሞ በመንጋ የምትኖር ፍጥረት ናት። የጎደላት ወገኖቿ ነበሩ።

ይህን ያስታወሰኝ በባሕረ ሰላጤው አገር የሚሠራው የባለቤቴ ወንድም ነው። አሠሪው ግቢ ውስጥ የምትቦርቅ የአቦሸማኔ ደቦል በስልክ ቀርጾ ላከልን። ልጆቼ «አጎታችን ለእኛስ መቼ ያመጣልናል?» እያሉ አስቸገሩኝ።

አቦሸማኔ ለንግድ ከአገር አገር እንዳይዘዋወር በዓለም አቀፍ ስምምነት ከታገደ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ነው። በዱር የቀሩት በመላው ዓለም 7,000 ገደማ ናቸው። ይሁንና ከሶማሌ ክልላችንና ከአጎራባች አገሮች ደቦሎች ከእናታቸው እየተነጠቁ በሶማሌላንድ ጠረፍ በኩል ወደ የመንና ወደ ባሕረ ሰላጤው ይሻገራሉ። ብዙዎቹ በመንገድ ይሞታሉ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ አውሬን በቤት ማኖር ከልክላለች። ከአዘዋዋሪ የተያዙ ደቦሎች በሶማሌላንድ መጠለያ ያድጋሉ፤ ነገር ግን እናት አንድ ዓመት ተኩል ያህል የምታስተምረውን አደን ስላልተማሩ ወደ ዱር መመለሳቸው አስቸጋሪ ነው። በግዞት የሚኖር አቦሸማኔ የጨጓራና የኩላሊት ሕመም ያጠቃዋል፤ ይህ ሕመም በዱር ወገኖቹ ላይ እምብዛም አይታይም።

ግዞት ሁሉ ክፉ ነው ለማለት ግን አልደፍርም። የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1948 ተቋቋመ። የላይፕዚግና የዮርክ ተመራማሪዎች የ15 አንበሶቹን ዘር መርምረው፣ በጥናታቸው ካነጻጸሯቸው ሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተሙ። እንግዲህ ያ ዘር በአጥር ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2006 ቦታና ገንዘብ በማነሱ ደቦሎች በመርዝ እንደሚገደሉ በዓለም ጋዜጦች ተዘግቧል። ዘር መጠበቅ ሰፊ ቦታና በጀት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሆለታ አቅራቢያ ባለው የእንስሳ ኮቴ ማዕከል ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶች ሣርና ዛፍ ባለው ሰፊ አጥር ውስጥ ይኖራሉ። ወደ ዱር ግን አይመለሱም።

ለአማቼ የጦጣዋን ታሪክ ጽፌ ላክሁለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲደውል ደቦሏ መብላት ማቆሟን፣ አሠሪውም ሐኪም እያፈላለገ መሆኑን ነገረኝ። ትልቋ ልጄ አጠገቤ ሆና ትሰማ ነበር።

«አባ፣ እነሱም አብልተዋታል አይደል?» አለችኝ።