ብዙ መዝገብ በአንድ ጊዜ ስለ ማረም

በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ የተባለው ክፍለ ከተማ ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ በተቋቋመ ጊዜ፥ የብዙ ሰው አድራሻ ሰውየው ከቤቱ ሳይነቃነቅ ተለወጠ። ደጁም አጥሩም እዚያው ነው፤ የተለወጠው በመዝገብ የተጻፈው ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን አንድ በአንድ ማረም አድካሚ ስለ ሆነ፥ መቶውን ሰው በአንድ ገጽ ዘርዝሮ በአንድ ጊዜ የሚያርም ቅጽ በኮምፒውተር ይሠራል።

እንግዲህ አንባቢ በላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ተቀምጣ ይህን ቅጽ የምትከፍት አንዲት መዝገብ ያዥ ያስብ። «የካ» የሚለውን ሁሉ «ለሚ ኩራ» እንዲያደርገው ብታዝዘው ኮምፒውተሩ ያለ ማመንታት ይታዘዛል። ነገር ግን በየካ የቀረውን የላምበረትን ሰው ያለ ጥፋቱ ያፈልሰዋል፤ ወደ አዲሱ ክፍለ ከተማ የገባውንም የካ አባዶን «ለሚ ኩራ አባዶ» ብሎ እንግዳ ስም ያወጣለታል።

በሰው ስም መለየትም አይበጅም። የኢትዮጵያ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ስለሚጠራ፥ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች በአንድ ገጽ መገኘታቸው የዘወትር ነገር ነው። ደግሞም ኃይሌ፥ ሃይሌ፥ ሀይሌ ተብሎ የተጻፈው ለጆሮ አንድ ሲሆን ለኮምፒውተር ሦስት ነው። (መምህራን ስለ ፊደል ሲቈጡ የኖሩት በከንቱ አልነበረም።)

ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር የራሱን መለያ ቍጥር ይዞ መሄድ አለበት። መስመሮቹ በተራ ብቻ ከተቈጠሩ፥ ገጹ ከተከፈተ በኋላ ሌላ ጸሐፊ አንድ ሰው ሲጨምር ተራው ይዛነፋል፤ የአንዱም አድራሻ በሌላው ላይ ይወድቃል። የዚህ ጥፋት ክፋቱ ዝምተኛ መሆኑ ነው። ቅጹ «ተመዝግቧል» ይላል፤ ሰውየው መታወቂያውን ሊያሳድስ እስኪመጣ ድረስም ማንም አያውቅም። ያን ጊዜ ደግሞ የሚታመነው በመስኮቱ ፊት የቆመው ሰው ሳይሆን መዝገቡ ነው።

በአርባኛው መስመር ላይ መብራት ቢጠፋስ? ወይ ሁሉም ይጻፍ፥ ወይ አንዱም አይጻፍ። ብዙዎቹ የመረጃ ቋቶች ይህን ያውቁበታል፤ የቅጹ ሠሪ ካላዘዛቸው ግን መቶውን መስመር እንደ አንድ ሥራ አይቈጥሩትም። ሠሪው ብልህ ከሆነ ከመጻፉ በፊት የሚለወጡትን ብቻ፥ የፊተኛውን ከአዲሱ አጠገብ አድርጎ ያሳያል፤ ከታረመም በኋላ የፊተኛው አድራሻ፥ ማን መቼ እንደ ለወጠው ተጽፎ፥ እንዲቀመጥ ያደርጋል።