ሴቦ፣ ክፈተው

ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ውስጥ ስልክ መደወል ማለት በአንድ ወቅት ጃንጥላ ሥር መቀመጥ ነበር። መንገድ ዳር ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ስልኳን ያኖረች ሴት አለች፤ ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ አዲስ አበባ ታስደውላለህ። መስመሩ ስለማይሰማ ትጮሃለህ። እናትህ መታመሟን፣ ወንድምህ ብር መጠየቁን፣ ልጅቷ ሌላ ማግባቷን ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ሴትየዋ አማርኛ አትችልም ብለን እንጽናና ነበር፤ ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ግን ሁሉም ሐበሾች ናቸው። ቢሆንም ሂሳብ ሲከፈል ወሬው አበቃ፤ ማንም መዝግቦ አላስቀመጠውም።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ምሽት፣ እዚያው ካባላጋላ ኢትዮጵያን ቪሌጅ ምግብ ቤት፣ ቀጥሎም ኪያዶንዶ ራግቢ ክለብ ቦምብ ፈነዳ። ከ70 በላይ ሰው አለቀ፤ የእኛም ሰዎች ነበሩበት። ማኪንዴ ከአንድ ጭፈራ ቤት ካልፈነዳ ቦምብ ጋር የተገኘ ስልክ ነው መርማሪዎችን ወደ ተጠርጣሪዎቹ የመራቸው። ስለዚህ ፖሊስ ስልክ አይንካ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዝም እላለሁ።

ከ2007 ጀምሮ ተንጠልጥሎ የቆየው የኡጋንዳ የግንኙነት ጠለፋ ሕግ ከፍንዳታው ሦስት ቀን በኋላ በፓርላማ ጸደቀ። የሲም ካርድ ምዝገባም በዚሁ ሕግ መጣ። ያም ሆኖ ሕጉ የሰው ንግግር ለመጥለፍ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ትእዛዝ ይጠይቃል። የአገሪቱ የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ደግሞ የግል ግንኙነትን ይጠብቃል። የፖሊስ ሕጉ ለአስቸኳይ ምርመራ ያለ ትእዛዝ መበርበርን ቢፈቅድም፣ መኮንኑ ምክንያቱን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሰፍር ያዛል። አሜሪካም ብትሆን የታሰረ ሰው ስልክ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይከፈትም ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ የወሰነው ገና በ2014 ነው። ወረቀቱ ላይ ካምፓላ ብዙም አታንስም።

መንገዱ ላይ ግን እስክሪብቶ የያዘ አላየሁም። የጎረቤቴ ልጅ ከካንሳንጋ በቦዳ ቦዳ ሞተር ሲመለስ ማታ አስቆሙት። ዩኒፎርም የለበሰው ሰው ፈገግ ብሎ፣ «ሴቦ (ጌታዬ)፣ ስልኩን ክፈተው» አለው። የልጁ አውራ ጣት ሳይታዘዝ ሄዶ አረፈበት። ሰውየው ዋትስአፑን ገለጠ፤ የእድሩን ግሩፕ፣ የሐኪም ወረቀት ፎቶ፣ የሚያፈቅራትን ልጅ መልእክት አየ። አንድ የድምፅ መልእክት ከፍቶም ምን እንደሚል ጠየቀ። እናቱ ናት፤ ፍልሰታን ጀመርክ ወይ እያለች። ሰውየው ሳቀና ስልኩን መለሰለት።

እኔ ተቆጣሁ። «የፍርድ ቤት ትእዛዝ አሳየኝ አትለውም?»

«ጋሼ፣ እኔ ወረቀት ብጠይቀው እሱም ወረቀት ይጠይቀኛል» አለኝ። የመኖሪያ ፈቃዱ ካለፈበት ቆይቷል።

መልስ አልነበረኝም። የእኔ ፈቃድ ጊዜው አላለፈበትም፤ ሕጉንም እንደ ዳዊት እደግማለሁ። ግን እኔንም ሲያስቆሙኝ ነገር እንዳይረዝም ብዬ ከፍቼ ነው የምሰጠው፤ አብዛኞቻችንም እንዲሁ ነን። እንግዲህ ፈቃድ ያለን፣ ቋንቋውንም የለመድን ሰዎች፣ በሚቀጥለው ፍተሻ በትሕትና ትእዛዙን እንጠይቅ። ያ ልጅ መጠየቅ አይችልም።